የወይዘሮ ማስተዋል ሙላቴ ሕይወትና የጥርስ መሰርሰሪያው ዘይት

እህታችን ወይዘሮ ማስተዋል ሙላቴ ከአባታቸው ከአቶ ሙላቴ አስናቀና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፈንታነሽ ደረጄ ጥር 12 ቀን 1956 ዓ.ም. ገሳይ አካባቢ ተወለዱ። ከስድስት ልጆች የመጀመሪያዋ በመሆናቸው እኛን ታናናሾቻቸውን እያዘዙ አደጉ። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት ወንድማቸው ብርሃኑም እስካለፈው ሳምንት ድረስ ከመታዘዝ አላረፍኩም።

በደብረ ታቦር እስከ አሥረኛ ክፍል ተምረው የልብስ ስፌት ሙያ ቀሰሙ። በ1977 ዓ.ም. ከመምህር አያሌው መኮንን ጋር ጋብቻ መሥርተው ሁለት ልጆች አፈሩ። ከሃያ ዓመት በላይም በስፌት መኪናቸው ቤታቸውን ደግፈዋል።

በ2001 ዓ.ም. በከተማችን በሚገኝ አንድ የጥርስ ክሊኒክ በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጠሩ። የክሊኒኩ ሐኪም ዶክተር ታምራት የእጃቸውን ጥንቃቄ አይተው ብዙም ሳይቆዩ የመሣሪያዎቹን ንጽሕና ኃላፊነት በሙሉ ሰጧቸው። የጥርስ መሰርሰሪያ ጭንቅላቱ ውስጥ ከሽንብራ ፍሬ የማይበልጡ ሁለት ኩሽኔታዎች፣ ማለትም መሽከርከሪያ ቀለበቶች፣ አሉት። በደቂቃ ከሦስት መቶ ሺህ ጊዜ በላይ ይሽከረከራሉ፤ ከአንዱ ታካሚ ወደ ሌላው ከመዛወራቸው በፊትም ከፈላ ውኃ በባሰ የእንፋሎት ሙቀት ይቀቀላሉ። ይህን የሚችለው ለእነሱ ተብሎ የተሠራ ዘይት ብቻ ነው። እሱም መቀቀያው ውስጥ ሳይገቡ ጠብ ይደረግና መሰርሰሪያው ጥቂት ዞሮ ትርፉን ይተፋል። እህታችን ይህን ለአሥራ አምስት ዓመታት ሳያጓድሉ ሠርተዋል፤ በዚህም ሊነቀል የነበረ ስንቱ ጥርስ ተሞልቶ ተረፈ። እኛ ግን ስለ ኩሽኔታ ሲያወሩ ምሳው ይቀዘቅዝብን ስለነበር እናማርር ነበር።

በ2016 ዓ.ም. መንገድ ተዘግቶ ዘይቱ አለቀ። እህታችን ዕድሜ ልካቸውን የሚያምኑትን የስፌት መኪና ዘይት ከቤታቸው ወስደው ተጠቀሙ። ዘይቱም በሙቀቱ እንደ ሙጫ ደርቆ ክሊኒኩ ያሉትን ሁለቱንም መሰርሰሪያዎች አጣብቆ አቆማቸው። አዲስ መሰርሰሪያ እስኪመጣ አምስት ሳምንት ፈጀ። ሕመሙ ጸንቶባቸው መቆየት ያልቻሉ ዘጠኝ ሰዎች ሊድን ይችል የነበረ ጥርሳቸው ተነቀለ። ጥፋቱን ማንም ሳይጠይቃቸው ራሳቸው ተናገሩ። በአገራችን ወግም ድንጋይ በጫንቃቸው ተሸክመው ከዘጠኙም ደጅ ደርሰው ይቅርታ ጠየቁ። ሁሉም ይቅር ቢሏቸውም ዳግመኛ ዘይቱን አልነካም ብለው ቤት ዋሉ። በቤታችን ከዚያ የከፋ ጊዜ አላየንም።

ከዚያ ያወጧቸው ከዘጠኙ አንዱ፣ የአንበሳሜው አቶ ጌጡ ናቸው። ሌላ ጥርሳቸውን ሊያስሞሉ መጥተው ወንበሩ ላይ ከተቀመጡ በኋላ፣ «ማስተዋል ራሳቸው ዘይቱን ካላረጉበት እኔ አፌን አልከፍትም። ጥፋታቸውን በገዛ አፋቸው የነገሩኝ ሰው እያሉ ማንን ልመን?» ብለው እንቢ አሉ። ዶክተሩ ሰው ልከው እህታችንን አስጠሯቸው። እንባቸውን እየጠረጉ ሠሩ፤ የአቶ ጌጡም ጥርስ ተሞላ። ከዚያ ወዲህ በደስታ ሲሠሩ ቆይተው በክሊኒኩ አዲስ የተቀጠረችውን ወይዘሪት እመቤትን ለዚሁ ሥራ እንደ ልጃቸው አሠለጠኑ።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ61 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውን ሱራፌልንና መሠረትን፣ አራት የልጅ ልጆችን፣ እንዲሁም አምስት ወንድሞችና እህቶችን ትተው ሄደዋል።

ዶክተር ታምራትና ወይዘሪት እመቤት ዛሬ ከመካከላችን የሉም። ቀብር ቀሩ ብላችሁ እንዳትቀየሟቸው ቤተሰቡ ይለምናችኋል። እህታችን ሊያርፉ ሦስት ቀን ሲቀራቸው፣ «በእኔ ምክንያት የአንድም ሰው ቀጠሮ እንዳይታጠፍ» ብለው አዝዘዋል። እመቤት ለቅሶ ቤት ተቀምጣ ስታነባ አድራ፣ ዛሬ ጠዋት ፊቷን ታጥባ ሥራ ገብታለች። ይህ በሚነበብበት ሰዓት አንድ ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጥርሱ እየተሞላለት ነው።

እግዚአብሔር የእህታችንን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ለእመቤትም እጇን ያጽናላት። አሜን።