መስጊድ ሄዷል

ውድ አክስቴ፣ ኤዶ ኢስታሂል፣

አሰላሙ ዐለይኪ ወራህመቱላህ። ይህ ደብዳቤ እንደማይደርስሽ አውቃለሁ። ለሞተ ሰው የሚደርሰው ዱዓ ነው፤ እሱንም አላቋረጥኩም። ግን በሕይወት ሳለሽ ያልነገርኩሽ አንድ ነገር አለ፤ ለሰው ብናገረው ይስቅብኛል፣ ሆዴ ውስጥ ሳስቀምጠው ደግሞ ይኸው ሰባት ዓመቱ። ድሬዳዋ በራፍ ላይ አስቀምጠሽ ፊደል ያስቆጠርሽኝ አንቺ ነሽና በአማርኛ ልጻፍልሽ። «እርስዎ» ብዬ ብጀምር ደግሞ ከት ብለሽ ትስቂብኝ ነበር። የድሬ ልጅ አንቱታ መች ያውቃል!

አሜሪካ፣ ኮሎምበስ፣ ምድር ቤትሽ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ኖርኩ። መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስሸከም ውዬ ስገባ ሩዙን ከድነሽ፣ ሙዙን ከጎኑ አድርገሽ ትጠብቂኛለሽ። ደሞዜን በሙሉ ሃዋላ ሳደርገው አላስችል ያለሽም አንቺ ነሽ። «ለሁሉም ላክ፤ ነገ ስትሸመግል ለራስህ፣ ለሸመገለው ጉሌድም ላክለት እንጂ!» ብለሽ አክሲዮን የሚያገበያየው ድርጅት ድረስ እጄን ይዘሽ ወሰድሽኝ። እኔ ፈርቼው ነበር። አንቺ ግን ሼኹን ጠይቀሽ፣ ወለድና መጠጥ የሌለበትን አስመርጠሽ፣ በየወሩ «ለሽማግሌው ላክህ?» ትይኝ ነበር። ድርጅቱን «ደላሎቹ» ነበር የምትያቸው።

ሐርጌሳ ልገባ ስነሳ ደላሎቹ ውጭ አገር የሚኖር ደንበኛ እንደማይይዙ ሰማን። ሒሳቡን ልዘጋ ስል «ለምን? ቤትህ ይኼው፤ አልጋህንም አላነሳውም» አልሽ። አድራሻሽን አድራሻዬ አድርጌ ተሳፈርኩ። አልጋውን እውነትም እስከ መጨረሻው አላነሳሽውም።

ደብዳቤ ሲመጣ ፎቶ አንስተሽ በዋትስአፕ ትልኪልኛለሽ። ጥግ ላይ ሁልጊዜ ሂና የነካው አውራ ጣትሽ አለ፤ የቁጥሮቹን ግማሽ ይሸፍናል። ተናድጄ «ጣትሽን አንሺው በቃ!» ያልኩሽ ቀን ነበር። አሁን ስልኬን ስከፍት ቁጥሮቹን ዘልዬ ጣትሽን ነው የማየው። በጣም ትናፍቂኛለሽ ኤዶ።

አንድ ጠዋት ደላሎቹ ሊያነጋግሩኝ ፈልገው ቤትሽ ደወሉ። ወዲያው አንቺ እኔ ላይ ደወልሽ።

«አንተ ጉሌድ! አለ ልበል የለም? በዚህ ዕድሜዬ ልታስዋሸኝ ነው?»

መልሴን ሳትሰሚ ዘጋሽው። ከሁለት ቀን በኋላ ግን መላ አገኘሽለት። የሐርጌሳን የሶላት ሰዓት ወረቀት ላይ አስጽፈሽ ማቀዝቀዣሽ ላይ ለጠፍሽ። የደላሎቹ ቁጥር ሲመጣ ወረቀቱን ታያለሽ። እኛ ዘንድ ሶላት ከሆነ ታነሺና «ጉሌድ መስጊድ ሄዷል» ትያለሽ፤ ካልሆነ ስልኩ ጮሆ ጮሆ ይተዋል። «የት ያለ መስጊድ ነው ብሎ የጠየቀኝ የለም» ብለሽ ስታወሪልኝ የሳቅሽው ሳቅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

እንግዲህ የደበቅኩሽን ልንገርሽ። ዐስር ሶላት ሲደርስ እዚህ በርጫው የሚሞቅበት ሰዓት ነው። ከምሳ በኋላ ማተሚያ ቤቴን ዘግቼ ጓደኛዬ ዓብዲናሲር ዘንድ ምንጣፍ ላይ ጋደም እላለሁ። ጉንጬ በጫት ተወጥሮ ሳለ ትደውያለሽ።

«ዐስርን በጀማዓ ሰገድክ?»

«አዎ ኤዶ።»

«አልሐምዱሊላህ! ደላሎቹ ደውለው መስጊድ ሄዷል ብያቸው ነበር። አላሳፈርከኝም።»

ዓብዲናሲር አፉን በትራስ አፍኖ ይስቃል። እኔም እስቅ ነበር፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። አንቺ ላለመዋሸት ያን ያህል ስትጠነቀቂ፣ እኔ በአንዲት «አዎ» አስዋሸሁሽ። ስንት ቀን እንደሆነም አልቆጠርኩትም።

ባለፈው የሻዕባን ወር ጥለሽን ሄድሽ። ልጅሽ ሱማያ ቤቱን ሸጠችው፤ አልፈርድባትም። በስሜ የመጣው ደብዳቤ ተመላሽ ሆነ፤ ቀጥሎ በዚያ አድራሻ መኖሬን በሠላሳ ቀን ውስጥ እንዳረጋግጥ ከደላሎቹ ኢሜይል ደረሰኝ። የአሥራ አንድ ዓመት ላቤ፣ የሸመገለው ጉሌድ ጉርሻ ያለው እዚያ ነው። የአጎቴ ልጅ መሀድ ከሚኒያፖሊስ «የእኔን አድራሻ ስጣቸው፣ ምን ችግር አለው» አለኝ። እሱን ለጊዜው ትቼ ከአሜሪካ ውጭ ወዳለ ድርጅት ላዛውረው ብዬ ስጠይቅ፣ የመጀመሪያው ድርጅት የአሜሪካ ዜጋ መሆኔን ሲሰማ የአሜሪካን ግብር ወረቀት አንችለውም ብሎ በትሕትና ሸኘኝ። ሁለተኛው የዱባይ ነው። ሠራተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የተወለድከው ድሬዳዋ አይደል? አሜሪካዊ አይደለሁም በልና ሙላ፣ ማን ያውቃል» አለኝ። ሰው የሚሞትለትን ፓስፖርት እኔ ልደብቀው!

ቅጹን ከፍቼ ጣቴ «አይደለሁም» የሚለው ላይ ደርሳ ነበር። አጠገባችን ያለው መስጊድ ለዐስር አዛን አለ። ማቀዝቀዣሽ ላይ የለጠፍሻት ወረቀት ፊቴ ድቅን አለች። አንድ ቃል ላለመዋሸት ስትይ የሌላ አገር ሰዓት እየቆጠርሽ ኖርሽ። አፈርኩ። ኮምፒውተሩን ዘግቼ መስጊድ ሄድኩ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ዐስር አምልጦኝ አያውቅም።

ለደላሎቹ ከወጣሁ ሰባት ዓመት እንደሆነኝ ጻፍኩላቸው። እንግዲያው በቀሩት ቀናት አዛውር፣ አለበለዚያ አክሲዮኑ ይሸጥና ሒሳቡ ይዘጋል አሉ። አሜሪካዊ ነኝ ብዬ ያመለከትኩበት ሦስተኛው ድርጅት ደግሞ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ጠየቀኝ። ለከተማው ሰው ሁሉ የንግድ ካርድ አትማለሁ፤ አንድም ካርድ ላይ የቤት ቁጥር አትሜ አላውቅም። እንዳለ ጻፍኩት፦ «ኮድቡር፣ ከመስጊዱ ጀርባ፣ አረንጓዴ በር»። የወረዳውን ማኅተም አስደርጌ ላክሁ። ደውለን እናጣራለን አሉ።

ትናንት ደወሉ። ያነሳችው ባለቤቴ ናዋል ናት፤ ስለ ማቀዝቀዣሽ ወረቀት የምታውቀው ነገር የለም። ስገባ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«ሰዎችህ ደውለው ነበር። እዚህ ይኖራል ወይ አሉኝ።»

«ምን አልሻቸው?»

«ይኖራል፣ አሁን መስጊድ ሄዷል አልኳቸው። ምን ልበላቸው ታዲያ?»

ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ደፍ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ምስኪን፣ ገንዘቡ የጠፋ መስሏት ደነገጠች።

መልሳቸው ገና ነው። እምቢ ካሉ ይሸጣል፤ ሽማግሌው ጉሌድም ያለችውን ይዞ ያዘግማል። የድሮውን ቃልሽን ወደኋላ ተመልሼ እውነት ላደርገው አልችልም ኤዶ፤ እሱን አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ። የትናንቱ ግን እውነት ነበር።

ከመስጊድ የተመለሰው የወንድምሽ ልጅ፣
ጉሌድ
ኮድቡር፣ ሐርጌሳ