ለመንገድ የተጋገረ ዳቦ

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14። ከሥራ መልስ

እግሬ አብጧል። ዛሬም የካዚኖው ብላክ ጃክ ቁማር፣ ዛሬም የሲጋራ ጢስ። ሁለት ሰካራም፣ ቲፕ የለም። ከዚያ አንድ አበሻ ሽማግሌ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጠ። እጄ ካርድ ያድላል፣ ዓይኔ ግራ ቅንድቡ ላይ ነው። ጠባሳ የለውም። ሳልጠይቀው ጎንደር ነው የተወለድኩት አለኝ። እሺ ጋሼ፣ መልካም ዕድል።

ማስታወሻዬ፣ ይሄን ካንተ በቀር ለማን እነግራለሁ? ወንድሜ ዳዊት ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ነበረው። እኔን ከአጥር ሊያወርድ ሲል ቆርቆሮ ቆርጦት ነው። በቀይ ሽብር ጊዜ ከቤት ወሰዱት። እሱ ገና ጢም ማብቀሉ ነበር፤ እኔ ሱሪዬን ራሴ መቆለፍ የማልችል ልጅ። ሬሳ የለ። መርዶ የለ። ለቅሶ የለ።

እማዬ እስካሁን ትጠብቀዋለች። ቤ/ክ በሄደች ቁጥር በክርስትና ስሙ፣ ለወልደ ሚካኤል ጤና ጸልዩልኝ ትላለች ቄሱን። ሰው ቤት ለቅሶ ስትሄድ እንኳ ጥቁር አትለብስም፤ ሟርት ነው። እንግዲህ አርጅታለች፣ ምን ይደረጋል።

ሐሙስ፣ ኦክቶ. 16። ጠዋት

ልጄ ቤዛ ከዩኒቨርሲቲ ወሬ ይዛ መጣች። ቅዳሜ ጉዞ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት ጃፓኖችን፣ እዚሁ የተወለዱትን ሁሉ፣ ከነልጆቻቸው ያጎረበት ካምፕ አለ። አሁን መታሰቢያ ሆኗል። ካሊፎርኒያ በረሃ ውስጥ፣ ከኛ የግማሽ ቀን መንገድ። አያቴም ትምጣ ትላለች። አይሆንም አልኩ። እማዬን የሰው እስር ቤት ማስጎብኘት ምን ይሉታል? ተቆጣሁ። ቤዛ ግን፣ "ዳዲ፣ ለምን አንተ ዲሳይድ ታደርጋለህ? አስክ አድርጋት" አለችኝ። አሜሪካ ልጅ የወለደ አይከራከርም።

ጠየቅናት። እማዬ አንድ ነገር ብቻ ማወቅ ፈለገች። መቃብር አለው ወይ? ቤዛ አለው አለቻት። እሄዳለሁ አለች፣ አለቀ።

ዓርብ 17

ቤቱ ዳቦ ዳቦ ይሸታል። እማዬ፣ ያቺ ጉልበቷን የሚያማት ሴትዮ፣ ድፎ ደፍታለች፣ የመኪና ጎማ የሚያክል። ለመንገድ ነው አለች። ባለቤቴ ሺፍት አላት፣ አትመጣም። እኛ ሦስት ነን። መንገድ ላይ ያለውን ሕዝብ ልታበዪ ነው? ብዬ ቀለድኩ። አልሳቀችም። ዳቦውን በነጭ ጨርቅ ሸፈነችና ወደ መኝታዋ ሄደች።

እሑድ 19። ከቅዳሴ በፊት

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም።

ቤዛ ነዳች። በረሃ፣ ከዚያ ሌላ በረሃ። እማዬ ኋላ ወንበር ላይ፣ ዳቦውን እንደ ሕፃን ታቅፋ። ደረስን። አንድ የጥበቃ ማማ፣ እንደገና የተሠሩ የእንጨት ቤቶች፣ ነፋስ። በስንጥቁ አቧራ ይገባል። ቤዛ ታስረዳለች፣ እኔ እተረጉማለሁ፤ ቤተሰብ በአንድ ክፍል፣ ሽንት ቤት ያለ መጋረጃ። እማዬ የአንዱን አልጋ ብረት ዳሰሰችና ብርድ ልብስ ይበቃቸው ነበር? አለች። የማን ብርድ ልብስ እንደሆነ ገባኝ። ዳዊት በተወሰደ ማግስት ብርድ ልብስ ይዛ ከጣቢያ ጣቢያ ዞራለች። ማንም አልተቀበላትም።

መቃብሩ ከጀርባ ነው። ጥቂት የድንጋይ ክቦች፣ መሐል ነጭ ሐውልት። የአንድ ሕፃን መቃብር ላይ ሰዎች አሻንጉሊት ትተዋል። እማዬ ጫማዋን አወለቀች። እሾህ አለ ብላት አልሰማችኝም። ከቦርሳዋ ጥቁር ነጠላ አወጣች። ጥቁር! መቼ ገዛችው? ለበሰች። ከዚያ ዳቦውን ባርካ ቆረሰችና ለማታውቀው ሰው ሁሉ ማደል ጀመረች። ቱሪስቱ ግራ ገባው። አንድ ጃፓናዊ ሽማግሌ ግን ቆቡን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በሁለት እጁ ተቀበላት። ነፍስ ይማር በል አለችው በአማርኛ። ራሱን ነቀነቀ። ቤዛ ታለቅስ ነበር።

ለኔም ሰጠችኝ። ለማን ነው? አልኳት፣ እያወቅኩ።

"ለወንድምህ።"

ይመጣል ስትዪ አልነበር እንዴ፣ አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ ሰው ዞረ። እሷ ግን ረጋ ብላ፦

"እኔማ ያኔውኑ አውቄያለሁ፤ የእናት ሆድ አይሳሳትም። አንተ ነህ በር በሩን እያየህ ያደግኸው። ልጅ ነው፣ ወንድሙን ከምቀብርበት አብሬው ልጠብቅ ብዬ ነው። ዛሬም ቤተ ክርስቲያን የሰው ቅንድብ ስታይ አላይህም መሰለህ? እኔ ስሞት ብቻህን ልትጠብቀው ነው። እሱን ፈራሁ።"

ዳቦውን መብላት አቃተኝ። ከበላሁት ሞቷል ማለት ነው። በሶፍት ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩት።

ዳዊት ናፈቀኝ። እንዲህ ናፍቆኝ አያውቅም፤ ትከሻው ላይ ሆኜ የጎረቤት ዘይቱን የምቆርጥበት ቀን፣ የፀጉሩ ቅባት ሽታ።

እማዬ ትጠራኛለች። መኪና ላስነሳ።

እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ

እማዬ ቄሱ ዘንድ ስንደርስ ወደ ኋላ ቀረት አለች። አንተ ንገራቸው ማለቷ ነው። ቆምኩ። አባ፣ ወልደ ሚካኤልን ከእንግዲህ ከሙታን ጋር ይጥሩልኝ አልኩ። ቄሱ እሷን አዩ፣ እኔን አዩ፣ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳረፉ። ስንወጣ ከፊት አንድ ስልሳን ያለፈ ሰው ይሄድ ነበር። ፊቱን አዙሮ እስኪያይ አልጠበቅኩም።

አሁን ኩሽና ነኝ። ዳቦው ደርቋል። ቀመስኩት፣ ጥቁር አዝሙድ አለው። እማዬ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። እበላዋለሁ፣ ሁሉንም። ዳዊትዬ፣ ወንድምዬ፣ ነፍስህን ይማር።