ኪልት ለብሼ ፌርፋክስ

ቅዳሜ፣ ጁላይ 18፣ 2015

ዛሬ ጎመኑን ፌርፋክስ ከተማ ላለው የሐበሻ ምግብ ቤት ያደረስኩት ማሳ ላይ የምሠራበትን ኪልት፣ የስኮትላንድ ወንዶች የሚለብሱትን ጉርድ ቀሚስ፣ እንደለበስኩ ነው። ስንበረከክ ጉልበቴን አይይዘኝም፤ እግሬ ላይ ያለው ጭቃም በውኃ ወዲያው ይለቃል። ይህንኑ ደጃፉ ላይ ለቆሙት ባለታክሲዎች አስረዳሁ።

«ጋሼ፣ ታዲያ ሚስትህ ምን ለብሳ ዋለች?» አለኝ አንዱ። ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። ደደቦች!

ምሳ ልትበላ የመጣችው ነርሷ ታላቅ እህቴ ግን አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ ቁርጭምጭሚቴን አየች።

«ይሄ ቁስል ምንድን ነው?»

«የአጥር ሽቦ ጭሮኝ ነው፤ ሁለት ሳምንት ሆነው። አያመኝም እኮ።»

«ስኳር እያለብህ? እኔን ያስፈራኝ አለማመሙ ነው።»

ዙሪያውን በጣቷ ጫን ጫን አደረገች። ዓይኔን እዚያው ላይ ባላደርግ ኖሮ መንካቷንም አላውቅም ነበር።