የጌታነህ ገጾች

ሞላሌ፣ ሐሙስ ጥር ፱ ቀን

ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ማረም ፈራሁ።

ጌታነህ ተማሪዬ ነበር። ማንም በነፃ የሚጠቀምበትን የኮምፒውተር ፕሮግራም መመሪያ ወደ አማርኛ ሲመልስ ቆይቶ፣ ሳይጨርሰው ባለፈው ክረምት አረፈ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ኢንተርኔት ላይ እየገባሁ የዚያን መመሪያ የፊደል ግድፈት የማርመው እኔ ነኝ። ከየገጹ ግርጌ የሚታየው መጨረሻ ላይ ያስተካከለው ሰው ስም ብቻ መሆኑን ግን እስከ ዛሬ ልብ አላልኩም። አንድ ገጽ ባረምኩ ቁጥር የእሱ ስም ይጠፋና የእኔ ይተካል።

እናቱ ወይዘሮ ዘነበች ከገበያ ሲመለሱ ጎራ ብለው ስሙን እንዳሳያቸው ይጠይቁኛል። ዛሬ ስፈልግ ሦስት ገጾች ላይ ብቻ ቀርቶ አገኘሁት። ምክንያቱን ሳልደብቅ ነገርኳቸው። እነዚህን ሳልነካ እተዋቸዋለሁ አልኳቸው።

«ግድፈት አለባቸው?» አሉኝ።

«አለባቸው።»

«ታዲያ ምን ነካዎት መምህር? ፍትሐቱን አስፈትቼ፣ ተዝካሩን አውጥቼ፣ ይችን ላስቀርበት? ያርሙለት እንጂ! ድሮ ቀይ እስክሪብቶዎን ፈርቶ ራቱን እምቢ ሲል አላዘኑለትም፤ አሁን አዘኑለት?»

ሳቅ አሉና ነጠላቸውን ወደ ዐይናቸው አስጠጉ።

ከሄዱ በኋላ ሁለቱን ገጾች ቃል በቃል እያነበብኩ አረምኩ። በሦስተኛው ላይ የተሳሳተችው አንዲት ፊደል ብቻ ናት። አስተካክያታለሁ፤ «አስቀምጥ» የሚለውን ግን እስካሁን አልተጫንኩም። ስሙ ከግርጌ እንዳለ ነው።