በጥርሴ የያዝኩት ገመድ

ሜይ 3፣ እሑድ

ተራ ቀን። ማህሳን በሚሉት መጋዘን ውስጥ፣ ማልገዛ በምትባለው የዕቃ ማንሻ መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ዕቃ ሳነሳ፣ ዕቃ ሳወርድ ዋልኩ። ስመለስ ኦርኤል በር ላይ ጠበቀችኝ። ልጄ በር ላይ ከጠበቀችኝ የምትፈልገው ነገር አለ ማለት ነው...

አለ። የስድስተኛ ክፍል መዝጊያ በዓል ጁን 18 መዋኛ ገንዳው ውስጥ ነው። የወላጆች ውድድር ይኖራል። ሃያ አምስት ሜትር፣ በሆድ ተኝቶ፣ ክንድ እያፈራረቁ፣ እግር እየመቱ። ስሜን አስመዝግባለች። ከውድድሩ በፊት ደግሞ መምህርቷ ዘሃቫ የኦርኤልን የሾራሺም ጽሑፍ በማይክራፎን ታነባለች። በዚህ አገር ልጅ አሥራ ሁለት ሲሞላው የቤተሰቡን ሥር ቆፍሮ እንዲጽፍ ይታዘዛል። የኔዋም ቆፈረች። ያወጣችው እኔን ነው። «አባቴ በዘጠኝ ዓመቱ ወደ ሱዳን ሲሰደድ የጓንግን ወንዝ በክረምት ዋኝቶ ተሻገረ። ገመድ በጥርሱ ነክሶ እህቱን ጸሐይን ጎትቶ አሻገራት።»

ሁሉንም ትቀድማቸዋለህ አለችኝ። እንዴታ አልኩ።

ሬቪታል ከሽንኩርቷ ቀና ሳትል፣ «አሽዶድ ሃያ ዓመት አብረን ስንኖር ባሕሩ ከቁርጭምጭሚትህ በላይ ሲያርስህ አላየሁም» አለች። ባሕሩ ቆሻሻ ነው አልኳት። ሚስት ደግሞ ምኑንም አትረሳ።

ሜይ 5

በሚስጥር አሠልጣኝ ያዝኩ። ታሚ ትባላለች፣ ስድሳ ዓመት ይሆናታል፣ ፊሽካዋ ከአንገቷ አይወርድም። ምን ትችላለህ አለች። ሠራዊት ውስጥ እንዳልሰምጥ ያህል አስተምረውኛል አልኩ። ግባና አሳየኝ አለች። ገባሁ፣ አሳየኋት። ክንድህ ምንም አይልም፣ ችግርህ ከወገብህ በታች ነው አለችኝ፣ ጮክ ብላ። ዳር ላይ የተቀመጡ ሁለት ሴትዮዎች ሳቁ።

የስፖንጅ ሰሌዳ አስያዘችኝና በእግርህ ብቻ ሂድ አለች። መታሁ። ውሃው ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረው። እንዲያ ስለፋ ቆይቼ ዘወር ስል ግድግዳው ቀርቧል... የኋላው ግድግዳ። ወደ ኋላ ነበር የምሄደው።

ሰው ወደ ፊት እየለፋ ወደ ኋላ ይሄዳል? እኔ ሄድኩ።

ሜይ 6

ደረጃ መውረድ አቃተኝ። ሬቪታል ምን ሆንክ ስትለኝ የማልገዛው መቀመጫ ነው አልኳት። ይቺ ደግሞ አዲስ ውሸት ናት፣ ከድሮዋ ጋር ትቀመጥ።

ሜይ 10፣ እሑድ

ታሚ በሽታዬን ነገረችኝ። የምመታው ከጉልበቴ ነው፤ ውሃ ውስጥ ብስክሌት እየነዳሁ ነው። ቁርጭምጭሚቴ ደግሞ አይታዘዝም። ሃያ አምስት ዓመት አፍንጫው ብረት የሆነ የሥራ ጫማ ሲያስረው ኖሮ ደርቋል። የእግሬ መዳፍ ዶማ ሆኖ ቆሞ ውሃውን ወደ ፊት ይገፋል፣ እኔን ወደ ኋላ። ዶማ ያልኩት እኔ ነኝ፣ እሷ ዶማ የት ታውቃለች። ከዳሌህ አንቀሳቅሰው፣ ጉልበትህን ልቀቀው፣ ሰፊ ጫማ በእጅህ ሳትነካ ከእግርህ እንደምትጥል አድርገህ የእግርህን መዳፍ ዘርጋው፣ ትንሽ ትንሹን ቶሎ ቶሎ ምታ አለች። አራት ትእዛዝ በአንድ ጊዜ። እግሬ አንዱንም አልሰማ።

ከጎኔ አንድ ሞሮካዊ ሽማግሌ ይዋኛል። ሰማንያ ዓመት፣ ቦርጩ ቀድሞት ነው የሚሄደው። ሦስት ጊዜ አለፈኝ። በሦስተኛው ቆም ብሎ፣ ሰው እየጠበቅክ ነው እንዴ አለኝ።

ሜይ 13

እስቲ ለዚህ ደብተር እንኳ እውነቱን ልንገረው...

እኔ አልዋኘሁም። የዋኘችው ጸሐይ ናት። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ግንድ አቅፋ፣ እኔን በነጠላዋ ጀርባዋ ላይ አስራ፣ ያን የጨቀየ ውሃ በእግሯ እየመታች ወጣችው። እኔ ጮህኩ። ሸናሁባት። ከዚያ ትከሻዋን ነከስኩት፣ ማዶ እስክንደርስም አልለቀቅኩም። በጥርሴ የያዝኩት ገመድ እሱ ነው። የእህቴ ትከሻ። ጠባሳው ዛሬም አለ።

ገመዱ የመጣው በኋላ ነው፣ ፕኒሚያ አዳሪ ተማሪ ሳለሁ፣ በአሥራ አምስት ዓመቴ። ልጆቹ እናንተ አገር ቧንቧ አለ ወይ እያሉ ሲስቁብኝ፣ ወንዝ በዋና ተሻግሬ ነው የመጣሁት አልኳቸው። ዝም አሉ። ዝምታው ጣፈጠኝ። ከዚያ ወዲያ በየሠርጉ፣ በየፋሲካው ትንሽ ትንሽ ጨመርኩበት። አንድ ዓመት አዞም ገብቶበት ነበር። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔው እያደር ከበደ፣ አሁን ጭራሽ በማይክራፎን ሊነበብ ነው።

ጸሐይ ሁልጊዜ እዚያው ተቀምጣ ነው የምትሰማኝ። አንድ ቀን እንኳ ቃል አልወጣትም።

ሜይ 19

ከሥራ በቀጥታ ሮቫ ጊሜል ሰፈር፣ ጸሐይ ቤት። ሦስተኛ ፎቅ፣ ማሊት የሚሉት ሊፍት የለው፣ ሴትዮዋ ዳሌዋን እያመማት በምርኩዝ ነው የምትወጣው። ሬቪታል በስልክ ነግራታለች። ጨርሶ ሚስጥር አልነበረም ማለት ነው... እንዴት ይዞሃል አለችኝ። ወደ ኋላ እየሄድኩ ነው አልኳት። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ከዚያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ምርኩዟን ግድግዳ ላይ አስደገፈች፣ ቀሚሷን ሰበሰበች፣ ሶፋው ላይ በሆዷ ተኛች። እየው ብላ እግሯን አንቀሳቀሰች። ከዳሌዋ። ጉልበቷ ልል፣ መዳፏ የተዘረጋ፣ ትንሽ ትንሹን። ታሚ ሁለት ሳምንት ፊሽካ የነፋችበትን ነገር የኃምሳ ዘጠኝ ዓመት ሴትዮ፣ አንድ ዳሌዋ የተበላሸ፣ ሶፋ ላይ አሳየችኝ።

ኦርኤል ለጽሑፏ መጥታ እሷንም በስልክ ቀርጻት እንደነበር አውቃለሁ። ምን ብለሽ ነገርሻት አልኩ።

«ጎትቶ አሻገረኝ አልኳት።»

«እታለም፣ ለምን?»

«ታዲያ አባትሽ ውሸታም ነው ልበላት? እኔ የሠራሁትን አውቀዋለሁ፣ ማንም ባይናገርልኝ አይጎድልብኝም። አንተ ነበርክ የሚያስፈልግህ። ውሰደው ብዬ ተውኩልህ።»

እንዳረጀ ሹራብ። ሲበርደኝ አይታ ሰጠችኝ... ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሻዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ። አፈርኩ፣ ሌላ ስም የለውም።

ሜይ 26

በየቀኑ ተረከዜ ላይ ቁጭ እላለሁ፣ ቁርጭምጭሚቴ እንዲላላ። ማህሳን ውስጥ በምሳ ሰዓት፣ ካርቶን አንጥፌ። ልጆቹ አዲስ ሃይማኖት ያዝክ ወይ ይሉኛል። ሙስሊሙ ሹፌር ብቻ ነው ያልሳቀው፤ አቅጣጫህ ግን ልክ አይደለም አለኝ።

ጁን 2

ታሚ የዳክዬ እግር የመሰለ የጎማ ጫማ አጠለቀችልኝ። ሄድኩ! መርከብ ሆንኩ! ሞሮካዊውን አለፍኩት። ከዚያ አወለቀችብኝና ያው እኔው ሆንኩ።

ጁን 9

ዛሬ ያለ ጫማ፣ ሰሌዳ ይዤ፣ በእግር ብቻ፣ ሃያ አምስት ሜትር። ወደ ፊት። እህቴን ሶፋው ላይ እያሰብኩ ነበር የመታሁት። ሲሳካ ውሃው አይንጫጭም፣ ከእግር በታች ዝም ብሎ ይፈላል። ዳር ስደርስ ሞሮካዊው፣ የምትጠብቀው ሰው መጣልህ አለኝ። መጣ አልኩት።

ጁን 14፣ እሑድ

ጣጣው አሁን ነው የመጣው። መዋኘት ቻልኩ። ከነገ ወዲያ... ሐሙስ ማለቴ ነው፣ ዘሃቫ ታነባለች፣ እኔ እዋኛለሁ፣ ሰው ሁሉ ያጨበጭባል፣ ውሸቱ ምስክር ያገኛል። እግሬ ራሱ ይመሰክርለታል። ከጸሐይ የሰረቅኩትን ታሪክ ከጸሐይ በተማርኩት እግር ላጸድቀው ነው። እንደኔ ያለ ቀጣፊ ይኖራል?

ዛሬ ልነግራት ኦርኤል ክፍል ገባሁ። ለበዓሉ የሳለችውን ሥዕል አሳየችኝ። እኔ ነኝ፣ ገመድ በጥርሴ፣ ክንዴ ዳቦ ዳቦ የሚያክል። ጸሐይ ከኋላ አውራ ጣት ታክላለች፣ አፏን ከፍታ ታለቅሳለች። ያምራል ብያት ወጣሁ። ፈሪ።

ጁን 18፣ ሐሙስ

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ስድስት አባቶች በዋና ልብስ ተሰለፍን። አጠገቤ የቆመው ጠበቃ ነው አሉ፤ ለሃያ አምስት ሜትር የሲሊኮን ቆብና የውድድር መነጽር ገዝቶ መጥቷል። ሬቪታል ፊቷን በማራገቢያ ጋርዳለች። ጸሐይ ጥላ ሥር ፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ ምርኩዟ ጉልበቷ ላይ። ዘሃቫ አነበበች። ወንዙ፣ ክረምቱ፣ ገመዱ። ሰው አጨበጨበ። ጸሐይም አጨበጨበች። ዝም ብትል ኖሮ እኔም ዝም እል ነበር መሰለኝ። በሁለት እጇ ነው ያጨበጨበችው፣ እኔን እያየች... ያ ነው የጨረሰኝ።

ሄጄ ማይክራፎኑን ለመንኩ። ዘሃቫ ላመሰግን መስሏት በፈገግታ ሰጠችኝ።

«ገመድ አልነበረም» አልኩ። «ዋና አልችልም ነበር። እህቴ ናት አዝላ ያሻገረችኝ፣ ያቻትና፣ ምርኩዝ የያዘችው። እኔ ትከሻዋን ነክሼ አለቅስ ነበር።»

ዝም አሉ። እንደ ፕኒሚያው ያለ ዝምታ፣ ግን አልጣፈጠኝም። አንድ ልጅ ሳቀ፣ እናቱ ጎሸመችው። ኦርኤልን ፈለግኳት። ሥዕሏን ገልብጣ ደረቷ ላይ አቅፋዋለች። ዘሃቫ የምታደርገው ቢጠፋት ፊሽካውን ነፋች።

ዘለልኩ። ከዳሌ፣ ጉልበት ልል፣ ትንሽ ትንሹን። በሕይወቴ እንደዚያ መትቼ አላውቅም። ሦስተኛ ወጣሁ፣ ጠበቃው አራተኛ። ማንም አላየኝም። ቀና ስል ሰው ሁሉ ዞሮ ጸሐይን ነው የሚያየው።

ጁን 19

ጸሐይ ደወለች። ማን ጠየቀህ አለችኝና ዘጋችው።

ጁን 21፣ እሑድ

ኦርኤል አታናግረኝም። ጨው አቀብዪኝ ስል ለእናቷ ትሰጣለች፣ እናቷ ለኔ። ሬቪታል ግን በአርባ ዓመትህ ብትናገረው ደግ ነበር፣ በሃምሳ አንድህም አይከፋም አለች። ከሷ አፍ ይሄ ምርቃት ነው።

ጁን 24

የኦርኤል የመጀመሪያ ቃል ከስድስት ቀን በኋላ።

«አዞውስ?»

አዞም አልነበረም አልኳት። ራሷን ነቅንቃ ክፍሏ ገባች። በሩን አልወረወረችውም፣ ቀስ ብላ ነው የዘጋችው።

ጁን 30

ኦርኤል ጽሑፏን እንደ አዲስ ጻፈችው፣ ማንም ሳያዛት። ርዕሱ «ዶዳ ጸሐይ»፣ አክስት ጸሐይ ማለት ነው። እኔ ሁለተኛው ገጽ ላይ አለሁ፣ የምነክሰው ቦታ ላይ።

ዛሬ ደግሞ አክስቷን ካላስገባኋት ብላ ወደ መዋኛው ወሰደቻት። ጸሐይ ሳምንት ሙሉ እንቢ ስትል ነው የከረመችው፣ እርጅናዬን ልታሳዩብኝ ነው ወይ ብላ። ልጅቷ ግን የአባቷ ልጅ ናት፣ አልለቀቀቻትም። የሴቶች ሰዓት ነበር፣ ወንድ አይገባም። ምርኩዝ፣ ቦርሳና ጫማ ታቅፌ ከበሩ ውጭ ፀሐይ ላይ ተቀመጥኩ። ከውስጥ ፊሽካ ይሰማል፣ ሳቅ ይሰማል... የማን ሳቅ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። አንድ ሰዓት ሙሉ።

መጀመሪያ የወጣችው ታሚ ናት። ይቺን ሴትዮ የት ደብቀሃት ነው፣ ሁለት ወር በአንተ ላይ በከንቱ ደከምኩ አለችኝ። ከዚያ እነሱ ወጡ፣ ፀጉራቸው እየተንጠባጠበ። የጸሐይ ትከሻ ከፎጣው ወጥቶ ነበር፤ ጠባሳዋን መሸፈን ረስታዋለች።

ኦርኤል አጠገቤ ቁጭ አለች። አክስቴ ጀርባዋ ላይ አዘለችኝ አለች። ሰሌዳውን አቅፋ፣ በእግሯ ብቻ፣ ከዳር እስከ ዳር።

«ነከስሻት?» አልኳት።

«ለምን እነክሳታለሁ? እሷ እያለች ምን ያስፈራኛል?»

እኔም እሷ እያለች ነበር የነከስኩት... ምርኩዙን ለእህቴ ሰጠኋት። ተያይዘው ፊት ፊት ወደ አውቶቡሱ ሄዱ፣ እኔ እርጥቡን ዕቃ ተሸክሜ ከኋላ።