ለቅሶ ላይ የዋለች መኪና

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለአልአዛር፤ ደቡብ አፍሪካ።

ወንድምዓለም፣ እንደምን ሰንብተህልኛል? ብርድ ሲገባ የሚነሳብህ ወገብህስ ተሻለህ? ትሁት እንዴት ናት? ሮዳስስ አፏን ፈታች ወይስ አሁንም ቤቱን በጣቷ ነው የምታዘው? ሱቁስ ሰላም ነው? እናንተ ደህና ሁኑልኝ እንጂ እኛ ጌታ ይመስገን በአካል ደህና ነን። እኔም ሆዴ ገፍቷል፤ ስድስተኛ ወሬን ይዣለሁ። በስልክ ልነግርህ የፈለግኩት ነገር ነበር፤ ግን ባሌ ሲሞን ከአጠገቤ ስለማይጠፋ አልሆነልኝም። የአክስታችን ልጅ ቲጂ ወደ እናንተ ልትበር ስለሆነ ከቡናውና ከኮረሪማው ጋር ይህን ደብዳቤ ሰጠኋት። ለብቻህ ሆነህ አንብበው፤ ትሁትን እንዳታስደነግጣት።

ባጃጅ ልንገዛ ነው ብዬህ አልነበር? ሲሞን፣ ቴፒ ከተማ ጥሩ ያገለገለ ባጃጅ አለ ተብሎ፣ ከሰርጋችን ጀምሮ ያጠራቀምነውን ይዞ ሄደ። ሲመለስ የአማን ሰፈር ሰው በሙሉ ከቤቱ ወጥቶ ጠበቀው። ምን ይዞ መጣ መሰለህ? ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ከመሬት የተጣበቀች፣ ቀይ የጣልያን የስፖርት መኪና! በባጃጁ ገንዘብ! እኔማ ሰርቆ ነው ብዬ ፖሊስ ተከትሎት እንደሆነ መንገዱን አየሁ። ሰው እንኳ በዝናብ ተንሸራቶ በሚወድቅበት ሰፈራችን፣ ሆዷ አፈር የሚልስ መኪና ምን ልታደርግልን ነው አልኩት። የሚወለደውንስ ልጅ የት ልናስቀምጠው ነው፣ ኮፈኑ ላይ ነው ወይ ብዬ ጮህኩበት። እሱ ግን ጥርሱን መክደን አቅቶት፣ እንደ አራስ ልጅ በቀስታ በሩን እየዘጋ እየከፈተ ያሳየኝ ነበር። አንተ ታውቀዋለህ፤ መኪና ካየ ሌላ ነገር አይሰማም።

ለምን እንደረከሰች የነገረኝ ከእራት በኋላ ነው፤ ያውም እየሳቀ። ባለቤቷ ሸዋንግዛው የሚባል የቴፒ ሰው ነበር፤ እትዬ ማሚት የሚባሉ ሴት አንድ ልጅ። ወርቅ ሲነግድ ቀንቶት ያገለገለች መሆኗን እያወቀ ከአዲስ አበባ ገዝቶ አመጣት። አምና መኪናዋ በሸኮ መንገድ፣ ጫካው ዳር፣ በሯ ተከፍቶ ሞተሯ እየሠራ ተገኘች። እሱ ግን የለም። ፖሊሱም ገበሬውም ጫካውን አሰሰ፤ ጫማው እንኳ አልተገኘም። እናትየው ያለ አስከሬን ድንኳን አስተከሉ። ድሮ ትልቅ ሰው ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ ለቅሶው መሐል ይዞር የለ? ፈረስ ስላልነበራቸው መኪናዋን አስገብተው፣ የሟቹን የቆዳ ጃኬት የሹፌሩ ወንበር ላይ አልብሰው፣ ሴቶቹ ዙሪያዋን ደረታቸውን እየመቱ በልጁ ስም እየጠሯት አለቀሱ። ከዚያ ወዲያ የቴፒ ሰው በነፃም ቢሰጠው አልነካት አለ።

እትዬ ማሚት ከገንዘቡ ሌላ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። በየቅዳሜው፣ በገበያ ቀን፣ በደጃቸው ሲያልፍ ልጃቸው ያደርግ እንደነበረው ክላክስ እንዲያደርግላቸው። ሲሞን ቅዳሜ ቅዳሜ ለቡና ግዢ ቴፒ መሄዱ ስለማይቀር፣ ይህማ ምን ችግር አለው ብሎ ተስማማ። እንትፍ እንትፍ ብለው መርቀው ሸኙት። መንገድ ላይ ዝናብ ያዘው። የመኪናዋ መስታወት ግማሽ ላይ ቆሞ አልዘጋ ስላለው፣ ወንበሩ ላይ ያለውን ጃኬት አንስቶ ለበሰ። ቤት ሲገባ እጅጌው ጣቶቹን ውጦት ስለነበር ሆዴን ይዤ ሳቅኩበት። አጭሬ እያልክ ታበሽቀው የለ፣ ብታየው አንተም ትስቅ ነበር።

በማግስቱ ፓስተር ሲላስን ጠርተን አስጸለይንባት። መኪናዋ ከመጣች ወዲህ አልተነሳችም፤ ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ ሲወርድባት ነው ያደረው። ፓስተሩ ኮፈኗ ላይ እጃቸውን ጭነው ጸሎት ጀመሩና ድንገት እጃቸውን ሰበሰቡ። አሁን ከየት ስትመጡ ነው ብለው ጠየቁን። እኔም ነካኋት፤ ረጅም መንገድ እንደሄደ ሞተር ትፋጃለች። ፀሐይ ይሆናል አለ ሲሞን። ፀሐይ አልነበረም።

ቀጥሎ የወንበሩ ነገር መጣ። ሸዋንግዛው ቁመቱ በር የሚነካ ሰው ነበር ይላሉ፤ ሲሞን ፔዳሉ ላይ ለመድረስ ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደ ፊት ይስበዋል። በየጠዋቱ ግን ወንበሩ ወደ ኋላ ተመልሶ ያገኘዋል። መካኒክ አሳየው፤ ሐዲዱ ምንም አልሆነም ተባለ። እንጨት ከኋላው ወተፈ፤ እንጨቱን በማግስቱ ደጃችን ላይ ተቀምጦ አገኘነው፤ መኪናዋ ግን እንደተቆለፈች ነበረች። ከዚያ ሲሞን ማማረሩን ተወ፤ እኔም ተሠራለት ብዬ ደስ አለኝ። አንድ ቀን ሊወጣ ሲል ጎንበስ ብዬ አየሁ። ወንበሩ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ሄዷል፤ የባሌ እግር ግን ፔዳሉ ላይ ተዘርግቶ ደርሷል። ሱሪዎቹ ቁርጭምጭሚቱን ያሳያሉ። አጥቤ አሳጥሬበት ይሆናል ብዬ ራሴን አታለልኩ። ጃኬቱን ግን አጥቤው አላውቅም፤ እጅጌው አሁን ልክ አንጓው ላይ ነው የሚያርፈው።

ቅዳሜውም እየረዘመ ሄደ። መጀመሪያ ክላክስ ብቻ ነበር። ኋላ ውሃ ጠጣልኝ አሉት፤ ከዚያ ምሳ ብላልኝ፤ ከዚያ መሽቷል እደር። ቀናሁ መሰለኝ፣ እኔም እሄዳለሁ ብዬ አብሬው ተነሳሁ። ሸኮ ስንደርስ መንገድ ዳር የተቀመጡ ሰዎች መኪናዋን ሲያዩ ከመቀመጫቸው ተነሱ። ሰላም አላሉንም፤ አስከሬን እንደሚያልፍ ሁሉ ዝም ብለው ቆመው አሳለፉን። እትዬ ማሚት ደጅ ስንደርስ ሁለት አጭር አንድ ረጅም ክላክስ አደረገ። ማን አስተማረህ ስለው፣ ማንም አለኝ።

እትዬ ማሚት ክፉ ሰው ቢሆኑ እንዴት በቀለለኝ ነበር። ጥቁራቸውን አውልቀው፣ አበባ ያለበት ቀሚስ ለብሰው ወጡ። ሸዋዬ ብለው ሲጠሩት ባሌ አቤት አለ። አሮጊት ለማስደሰት እንደሚባለው አይደለም፤ የራሱ ስም ሲጠራ ሰው ሳያስብ እንደሚለው ነው። ቤቱ ሲገባ አናቱን ለጉበኑ ዝቅ አደረገ። ሲሞን እኮ ነው፣ በሕይወቱ ለበር ጎንበስ ብሎ የማያውቀው ሰው! እሳቸው ሆዴ ላይ እጃቸውን አሳርፈው፣ ምራቴ፣ ልጁ እዚሁ ነው የሚወለደው፣ ክፍሉን አሰናድቻለሁ አሉኝ። እጃቸው ለስላሳ ነበር።

ለጎረቤታችን ለአባመጫ አዋየኋቸው። እሳቸውም ኮርቻው ወርዶ ነበር ወይ ብለው ጠየቁኝ። ለቅሶ ላይ የዋለ ፈረስ፣ ቀብር ሲያልቅ ሽማግሌዎች ኮርቻውን አውርደው ይለቁታል እንጂ ማንም አይወጣበትም አሉኝ። የዚህ ሰው ቀብር የለ፤ ኮርቻውንም ያወረደ የለ። ኮርቻው ጃኬቱ ነበር፤ ባልሽ ደግሞ በገዛ እጁ ለበሰው አሉ። ፈጥነሽ ለእናትየው መልሺ፣ ያልቅሱበትና ይቅበሩት ብለው መከሩኝ።

ሲሞን ሲታጠብ ጃኬቱን በፌስታል ደብቄ በሚኒባስ ቴፒ ወረድኩ። እትዬ ማሚት ፌስታሉን ገልጠው ሲያዩ ገባቸው። አልተቆጡኝም፣ ወንድሜ። መሬት ላይ ተቀምጠው እግሬን ያዙ። ልጄን ሁለት ጊዜ አትግደይብኝ፣ አንቺም እናት ልትሆኚ ነው አሉኝ። ያን ጊዜ የሆዴ ልጅ ተገላበጠ። ምን ልበልህ? አቃተኝ። ጃኬቱን ይዤ ተመለስኩ፤ ሲሞን በር ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ነበር፤ ከእጄ ተቀብሎ ለበሰው።

ወንድምዓለም፣ ባሌን እያየሁት እየተወሰደብኝ ነው፤ ልጄም ተከትሎት እንዳይሄድብኝ ፈርቻለሁ። ሲሞን ብዬ ስጠራው አሁን አሁን ቆይቶ ነው የሚዞረው። አምላክ በሚያውቀው፣ ሥራህን ለጥቂት ቀን ለትሁት ተውላትና ና። አብረኸው ያደግክ፣ ሚዜው የሆንክ፣ ከእኔ በፊት የምታውቀው አንተ ነህ። አንተ በስሙ ብትጠራው የሚመለስ ይመስለኛል። ጃኬቱንም እኔ ያቃተኝን አንተ ታወልቅለታለህ። ለእትዬ ማሚት ግን ለስለስ በል።

እማዬ ዓይንህን ለማየት ያብቃኝ ትላለች፤ የሮዳስን ፎቶ አልጋዋ አጠገብ ሰቅላዋለች። አባመጫና ባለቤታቸው ከድጁ ሰላም ብለውሃል፤ ዱዓ እያደረጉልን ነው። ፓስተር ሲላስም በጸሎት አስቤሃለሁ ብለዋል። ትሁትን ሳምልኝ፤ ሮዳስን ጉንጯን ንከስልኝ።

ነገ ቅዳሜ ነው፤ ሲሞን መኪናዋን እያጠበ ነው። ደብዳቤውን ከማሸጌ በፊት በመስኮት ጠርቼ፣ ለአልአዛር ምን ልበልልህ አልኩት። ጨርቁን ጨመቀና፣ ፈገግ ብሎ፣ አልአዛር ማን እንደሆነ ጠየቀኝ።

እህትህ ሩሐማ

ሚዛን አማን
ዓርብ፣ ጥቅምት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.