ጡብ ሰፈር ላይ ለማይቆመው ባቡር ተጠሪ

ሰኞ፣ ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.
ጡብ ሰፈር፣ ገዳሪፍ፣ ሱዳን

ይድረስ ለክቡር ኡስታዝ ሙዘይን፣ በምሥራቅ መስመር የመንገደኞች ባቡር ኮሚቴ የሐበሻ ማኅበረሰብ ተጠሪ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላ ቤተሰብዎ ጤና እመኛለሁ። በተለይ እግርዎን አላህ ይጠብቅልዎ፤ የእኛን የመሰለ መንገድ አያሳይዎ።

እውነቱን ለመናገር ይህን መጻፌ ትክክል ይሁን አይሁን አላውቅም። ሰው ፊት መናገር አልችልም፤ ሱቅ ስላክ እንኳን ባለሱቁ ዞር ብሎ እስኪያየኝ ድረስ ዝም ብዬ ነው የምቆመው። አማርኛ መጻፍም የተማርኩት በማኅበራችን የክረምት ትምህርት ብቻ ነው፤ ሰርተፊኬቱን የሰጡኝ ራስዎ ስለሆኑ ፊደል ከሳትኩ ጥፋቱን እኩል እንካፈላለን። ደብዳቤውን በማኅበሩ በር ላይ የምለጥፈው፣ እናቴ ቢሮዎ በሄደች ቁጥር «ቡክራ፣ ነገ ነይ» እየተባለች ስለተመለሰች ነው። የእርስዎ ነገ እስኪመጣ የእኛ ዛሬ አለቀብን።

አንደኛ፣ ስለ ባቡሩ አመሰግናለሁ። በስብሰባው ቀን ድምፅ ማጉያውን ይዘው «ባቡር መጣላችሁ!» ሲሉ እናቶቻችን ለምን እልል እንዳሉ እስካሁን የገባዎት አይመስለኝም። ካርቱም ተወልደው ስላደጉ አይፈረድብዎትም፤ ከጎንደር ገጠር ለመጡት እናቶቻችን ግን ባቡር ማለት የእህል ወፍጮ ነው። ሰፈራችን ወፍጮ ስለሌላት ማሽላቸውን በራሳቸው ተሸክመው ሌላ ሰፈር ነው የሚያስፈጩት። ስለዚህ ጎረቤታችን ሓጃ ቱርካ ከመካከል ተነሥተው «ልጄ፣ አላህ ያክብርህ፤ በናፍጣ ነው በመብራት?» ብለው ጠየቁ። እርስዎም «በናፍጣ ነው፣ ሓጃ» አሉ። «ስንት ኩንታል ይችላል?» ሲሉ «ኧረ ሺህ ኩንታልም ይችላል!» አሉ። እሳቸውም «ሱብሓነላህ! ይህን ሁሉ ማሽላ ከየት እናመጣለታለን?» ባሉ ጊዜ ነው ነገሩ የተገለጠልዎ።

ያኔ ሳቁ። አጠገብዎ ለተቀመጡት እንግዶች በዐረብኛ ነገሯቸውና እነሱም ሳቁ። ሓጃ ቱርካ ግን አልተቀመጡም፤ «እሺ፣ ሰው የሚጭነው ከሆነም ደግ ነው፤ የት ነው የሚቆምልን?» አሉ። ሳቁ ስላላለቀ ይህን ጥያቄ የሰሙ አይመስለኝም፤ ስለዚህ በጽሑፍ አቀርብልዎታለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ኢኮኖሚው። ባቡሩ የመጣው «ኢኮኖሚው እንዲያገግም» መሆኑን በማኅበሩ ግድግዳ ላይ በትልልቅ ፊደል አስጽፈዋል። በእኛ ቤት አገገመ የሚባለው ታሞ ለተነሣ ሰው ነው፤ ስለዚህ የታመመው ማን እንደሆነ ብዙ አሰብኩ። ጦርነቱ ሲመጣ የሰሊጥ መጋዘኖቹ ተዘጉ፤ ሲከፈቱ ደግሞ ቀድመው የተመለሱት ሰሊጥ የሚያበጥሩት ሴቶች ናቸው። ነጋዴው ሰሊጡን የሚሸጠው እነሱ አቧራውንና ጠጠሩን ካወጡለት በኋላ ነው። እንግዲህ ኢኮኖሚ የሚሉት ሌላ ነገር ካልሆነ በቀር፣ በየማለዳው በአያ ደጉ ሃፍላ ውስጥ ተጨናንቆ፣ ግማሹ ቆሞ ግማሹ ተቃቅፎ ወደ ከተማ ይሄድ የነበረው እሱ ነበር። ያቺን አሮጌ ሚኒባስ ኮሚቴዎ ባቡሩ በተመረቀበት ሳምንት «አንድ መስመር ሁለት መጓጓዣ አያስፈልገውም» ብሎ አገዳት። አሁን አያ ደጉ ዶሮ ያረባባታል። ጫጩቶቹ ሁሉም መቀመጫ አግኝተዋልና ስለዚህም እናመሰግናለን።

ሦስተኛውን ጽፌ ሰርዤዋለሁ። ስለ እናቴ ነበር፤ እሷም የቤታችን ጉዳይ በር ላይ እንዲለጠፍ አልወደደችም።

አራተኛ፣ ባቡርዎ በጣም ቆንጆ ነው። ጎሕ ሳይቀድ መብራቱን አብርቶ ሲመጣ በእግራቸው ወደ ከተማ የሚሄዱት ሴቶች ከሐዲዱ ወርደው እሾሁ ውስጥ ይቆሙለታል። መስኮቶቹ ንጹሕ ስለሆኑ ባዶዎቹ ወንበሮች ከነልባሳቸው ይታያሉ። ነጂው ጨዋ ሰው ስለሆነ ጡሩምባ ይነፋላቸዋል። ከዚያ ባዶ ወንበሮቹ ወደ ከተማ ይሄዳሉ፤ ሴቶቹም ወደዚያችው ከተማ በእግራቸው ይከተሏቸዋል። ቢሮዎ ለዚህ የሰጠን መልስ «በጥናቱ መሠረት ጡብ ሰፈር መንገደኛ የለውም» የሚል ነው። መንገደኛ የለውም! ያጠኑት ሰዎች የመጡት ረፋድ ላይ በመኪና ነው፤ መንገደኞቹ በሙሉ በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ነበሩ። ያገኙት እኔንና ፍየሎቹን ነው፤ እኔም አፍሬ ቤት ገባሁ። ስለዚህ ከጥናቱ ላይ የጎደልኩት ራሴ ስለሆንኩ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ክቡር ኡስታዝ፣ ጣቢያ ይሠራልን አላልንም። ጥላም፣ አግዳሚ ወንበርም አልጠየቅንም። የጠየቅነው ፍሬን ነው፤ እሱም ከባቡሩ ጋር አብሮ መጥቷል።

አሁን ስለተናደድኩ ሦስተኛውን መልሼ ልጽፈው፤ እናቴ ይቅር ትለኛለች። የመጋዘኑ በር ከተዘጋ በኋላ የደረሰች ሴት የዚያን ቀን ሥራ የላትም፤ ሃፍላዋ ከታገደች ወዲህ እናቴ ሁለት ጊዜ ከበር ተመልሳለች። ባለፈው ሐሙስ ደግሞ ለባቡርዎ መንገድ ስትለቅ የሐዲዱ ጠጠር ከዳትና እግሯ ተጣመመ። ዛሬ እንኳን ጫማ፣ ካልሲም አይገባላትም። የመጋዘኑ ወኪል ነገ ካልመጣች ቦታዋን ለሌላ እንደሚሰጥ በጎረቤት ልኮባታል። አባቴ ከሞተ ጀምሮ እኔና ሁለት ታናናሾቼ የምንበላው ከዚያ ቦታ ነው። እሷ ግን ማታ እግሯን በጨርቅ እየጠቀለለች «ባቡሩ ምን አደረገ፣ እኔ ነኝ እንጂ ያላየሁት» ትላለች። ለእርስዎ የምትከራከርልዎት እሷ ብቻ ስለሆነች ይህን እንዲያውቁት ፈለግሁ።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምንለምንዎ፣ ወይ ባቡሩ ይቁምልን፣ ወይ የአያ ደጉ ሃፍላ ትመለስልን። ሁለቱም ከከበደ ግን ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ ያስጠፉልን፤ ሴቶቹ ማንበብ ስለማይችሉ ምን እንደሚል እየጠየቁኝ ነው፣ እኔም መዋሸት ሰልችቶኛል።

ለሰጡን ባቡርና ለነሡን መንገድ ሁሉ ከልብ እያመሰገንኩ፣

ክብርዎ በሚያልፍበት ጊዜ ከእሾሁ ውስጥ ቆማ እጅ የምትነሣ ታናሽዎ፣
ሰውዳ ሁዜይፋ
በሰፈራችን ትምህርት ቤት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ነገ ፈተና አለን። እኔ ግን የእናቴን ቶብ ተከናንቤ፣ ቦታዋ እንዳይወሰድ በእሷ ፈንታ ሰሊጥ ላበጥር በሌሊት ተነሥቼ በእግሬ እሄዳለሁ። አጠገቤ የምትቀመጠው ፊዮሪ «መምህሩ ስምሽን ሲጠሩ ታማለች ልበልልሽ?» ብላኝ ነበር። እምቢ አልኳት። ተነሥታ፣ ክፍሉ በሙሉ እንዲሰማ ጮክ ብላ፣ «ባቡሩ አልቆመላትም፤ በእግሯ ወደ ሥራ ሄዳለች» እንድትል ነግሬያታለሁ።